በጾም ቀን ቀማሽ ፍለጋ

ልጄ ዊዳድ ሰመራ ከተዳረች ሁለት ዓመት ሆናት። ባሏ ሙሐመድሰዒድ ጥሩ ልጅ ነው። እናቱ እትዬ ዙሌይካ ግን አሳይታ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ አነጋገራቸውም እንደ ጨርቁ መቀስ የሆነ ሴት ናቸው። ባለፈው ዒድ ዊዳድ የላሸቀ መኮሮኒ አቀረበችላቸው። አንድ ጊዜ ጎርሰው፣ «ልጄ፣ እናትሽ ቤት ጓዳ አልነበረም እንዴ?» አሏት።

ዊዳድ ይህን በስልክ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ አልሳቅሁም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለሾፌርና ለረዳት ሃያ ዓመት ምሳ የሸጥኩ ሴት ነኝ። ያን ንግግር ይዤው ተኛሁ፣ ይዤው ተነሣሁ።

በረመዳን እትዬ ዙሌይካ ልጃቸው ቤት ሊያፈጥሩ እንደሆነ ስሰማ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዘንቢሌ ውስጥ አራት ቻዮቴ ነበር። ቻዮቴ የዱባ ዘመድ ነው። አጥር ላይ እየተንጠላጠለ ያፈራል፤ አረንጓዴ ነው፤ ጫፉ ጥርስ እንደሌለው አፍ የተጨማደደ ነው። ደንበኛዬ ሾፌሩ ጁነዲን ከጅማ በኩል ያመጣዋል። ጣቢያው አጠገብ ያለው ሆቴል ወጥ ሠሪ ሜሪ ደግሞ ሥጋ ሞልታ ኦቨን ውስጥ ስትጋግረው ሰው ሳህኑን ሊልስ ምንም አይቀረው። አሠራሩን እየነገረችኝ በጎልማሶች ትምህርት ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መምህራችን ተገኘ ጽሑፌን አይቶ፣ «እትዬ መዲና፣ አሁን ይህን የሚያነብ ሰው ማብሰል ይችላል» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ሰመራ በደረስኩ በማግስቱ ዊዳድና ባሏ ሥራ ሲሄዱ ደብተሬን የዘይት ጠርሙስ ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። ቻዮቴውን ለሁለት ለሁለት ሰንጥቄ ቀቀልኩ። ውስጡን በማንኪያ ፈልፍዬ ስምንት ጀልባ የመሰሉ ቅርፊቶች አወጣሁ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና የተፈጨ ሥጋ አቁላላሁ፤ የፈለፈልኩትንም ጨመርኩበት። ኦቨኑ የሠርግ ስጦታ ነው። ስከፍተው ፌስታል ሞልቶበታል። ፌስታሉን አውጥቼ ኦቨኑን አበራሁት። ኦቨኑና ቬንትሌተሩ አንድ ላይ ሲሠሩ መብራቱ ስለሚጠፋ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ። በሰመራ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በጾም አፌ።

ከዚያ ደብተሬ፣ «ጨው፣ እንደ መጠኑ» አለኝ።

መጠኑ የት እንደተጻፈ ገጹን ገልብጬ ፈለግሁ። የለም። መምህራችንንም ተቀየምኩ። ማንኪያ አንሥቼ ወደ ጨዉ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። ዊዳድ ናት፤ «እማ፣ ኦቨኑን በእርጥብ እጅ እንዳትነኪው» አለችኝ። ስመለስ ጨዉን ጨምሬው እንደሆነ ወይም ልጨምር እንደነበር ጠፋኝ።

ኡስታዙ በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ይቻላል ብለውን ያውቃሉ። እኔ ግን ጉሮሮዬን አላምነውም። የነካሁትን ሁሉ የሚውጥ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን አስረሳሽን ጠራሁ። ክርስቲያን ናት፤ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«አስረሳሽ፣ አንድ ማንኪያ ቅመሽልኝ፣ ባክሽ።»

«በደስታ፣ እትዬ መዲና። ምንድን ነው?»

«የተፈጨ ሥጋ በቻዮቴ።»

የዘረጋችውን እጅ መለሰችው። «ሁዳዴ ነው እኮ። እኛም ጾም ነን።»

«ሁላችንም በአንድ ጊዜ?»

«ዘንድሮ ገጠመ። ከፈለጉ ላሽትልዎ።»

ድስቱን በአጥሩ ላይ አቀበልኳት። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አሸተተች። «ጨው ያለው ይመስለኛል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ነጭ ሽንኩርቱም ሊሆን ይችላል» አለች። «ጋራዡ ጋ ካሉት ሾፌሮች አንዱን ልጥራልዎ?»

«ሾፌር ከቀመሰማ ለማታ ምን ይተርፋል?»

ድስቱን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ እትዬ ዙሌይካ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመዋል። ሁለት ሰዓት ቀድመው ነው የመጡት። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ማንኪያ ስጪኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ጾም እኮ ነው። ረስተው እንዳይሆን።»

«አልረሳሁም። በሩን ዝጊና ስጪኝ።»

ዘግቼ ሰጠኋቸው። ቀምሰው ዋጡ። ቆሜ አየኋቸው።

«ስኳር በሽታ ነው ያለብኝ» አሉ። «ከረመዳን በፊት፣ ሻዕባን ላይ ነው የተነገረኝ። ሐኪሙ እንዳትጾሚ ብሎኛል። ይሄ ጨው የለውም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። ግማሽ ማንኪያ አድርጊበት።»

አደረግሁ። ቀመሱ። «ትንሽ» አሉ። ጨመርኩ። ቀመሱ። «እስቲ ደግሞ» ብለው ቀመሱ። አምስተኛው ማንኪያ ላይ ጨው እየፈለጉ እንዳልሆነ ገባኝ። ምሳቸውን እየበሉ ነበር።

«ከጠዋት ምንም አልቀመሱም?»

«ሚኒባስ ውስጥ ሻሼን ተከናንቤ ልብላ?»

«ሙሐመድሰዒድ ያውቃል?»

«ካወቀ ሱቄን አዘግቶ እዚህ ያስቀምጠኛል። ከሚስቱ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ስንፋጠጥ ልንውል ነው። ደስ ይልሻል?»

የዊዳድ ፊት ታየኝ። «እኔ ምንም አላየሁም» አልኩ።

«አዎ፣ እንደሱ» አሉና ማንኪያውን አጠቡ።

የተረፈው ሙሌት ለሰባት ቅርፊት ብቻ በቃ። እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ለውሼበት ሞላሁ፤ ከላይ አይብ ነሰነስኩ። ሲጋገር ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን በሩ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ዙሌይካ እንደኔው ምራቃቸውን ሲውጡ ላየ ከሌሊቱ ማዕድ፣ ከሱሑር ጀምረው የጾሙ ይመስሉት ነበር።

አዛን ሲል ከሁላችን ቀድመው «ቢስሚላህ» ብለው ተምር ነከሱ። ግማሹን መሐረባቸው ውስጥ ሲያስገቡ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቻዮቴው ቀረበ። ሙሐመድሰዒድ ሁለተኛውን ሳያላምጥ ጨረሰ። እትዬ ዙሌይካ ቀስ ብለው በሉና ወደ ዊዳድ ዞሩ። «እንዲህ ያለች እናት እያለችሽ ለምን ደብቀሻት ኖርሽ?» አሏት። ዘጠኝ ወር የያዝኩት ነገር ከደረቴ ሲወርድ ተሰማኝ።

ወዲያው ሙሐመድሰዒድ የማንጎ ጁሱን አነሣ። ስኳሩን ራሱ በጭልፋ ሲጨምርበት አይቼዋለሁ። የእናቱን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላው።

«እናቴ፣ ደርቀሽ ነው የዋልሽው። ጠጪ።»

እትዬ ዙሌይካ ብርጭቆውን ያዙ። ልጃቸው ከፊታቸው ዓይኑን አልነቀለም። ወደ አፋቸው አስጠጉት። እኔ ሳላስበው እጄ ተዘረጋ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጥም ገደለኝ» ብዬ ነጥቄ ጠጣሁት።

ሙሐመድሰዒድ ሳቀና እንደገና ለእናቱ ሞላ። ያንንም ጠጣሁት። ሦስተኛውን ሲቀዳ ዊዳድ፣ «እማ፣ የራስሽ ብርጭቆ አለ እኮ» አለችኝ። የራሴንም ጠጣሁ፣ የእትዬ ዙሌይካንም ጠጣሁ። ስሜን ላስከብር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከምናምን መጥቼ፣ በአማቾቼ ፊት ሆዳም ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሌላ መላ ግን አልመጣልኝም። ሴትዮዋ ጠጥተው ቢወድቁስ? አምስተኛው ላይ ሆዴ ተነፍቶ መተንፈስ አቃተኝ። ዊዳድ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «እማ፣ ምን ሆነሻል? አሳፈርሽኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሙሐመድሰዒድ ጆጉን እንደገና ሲያነሣ እትዬ ዙሌይካ እጁን ያዙት።

«ተው፣ ሴትዮዋ በኔ ምክንያት ልትፈነዳ ነው።»

«እንዴት በአንቺ ምክንያት?»

«ስኳር አለብኝ። አልጾምኩም። ቻዮቴው ሰባት የሆነውም ስምንተኛውን እኔ ስለበላሁት ነው።»

ጆጉ በእጁ እንዳለ ቀረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይኸው ነገርኩህ።»

«ለሷ ግን ቀድመሽ ነግረሻታል።»

«እሷ ማንኪያ ይዛ ነበር።»

«ነገ አሳይታ ሄደን ሱቁን...»

«ሱቄን አትንካ። ሐኪም ቤት ውሰደኝ፤ እሄዳለሁ። መድኃኒቱንም እውጣለሁ። ሱቄን ግን አትንካ።»

ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። አፌን ብከፍት ማንጎው እንዳይመለስ ፈራሁ። በአገጬ ወደ እናቱ አሳየሁት። እሱም ተነሥቶ ጁሱን ወደ ጓዳ መለሰና ለእናቱ ውሃ ይዞ መጣ። ዊዳድ ደግሞ እጄን ይዛ አለቀቀችውም።

ልጆቹ ለተራዊሕ ስግደት መስጊድ ሲሄዱ እኔ ማጎንበስ ስላቃተኝ ፍራሽ ላይ ጋደም አልኩ። እትዬ ዙሌይካ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ?»

«አምስት መሰለኝ።»

«ከራስሽ ጋር ስድስት ነው። ምን ላድርግ፣ ከማየት በቀር የምሠራው አልነበረኝም።» ትራሱን አስተካከሉልኝ። «ተኚ አሁን። ለሱሑር እኔ እቀሰቅስሻለሁ።»