ከካርቡራተሩ ሥር የቀረው ጨርቅ

እና ለሦስተኛ ጊዜም ሞከረች፣ መኪናዋ አልተነሳችም፣ ማስነሻ ሞተሪኖው ክርርር ብሎ ብሎ ድምፁ ሰለለ፣ በቃ ተይ፣ ባትሪውን ትጨርሺዋለሽ ይላታል፣ ሚስቱ ጋቢና ውስጥ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ከተከፈተው ኮፈን ሥር ባለችው ክፍተት አጮልቃ ታየዋለች፣ ምን ሆና ነው? እኔ እንጃ ይላል። ያውቃል።

መኪናዋ አየር አጥታለች። ከካርቡራተሩ ሥር ጨርቅ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ባትሪ ይላል፣ ካንዴላ ይላል፣ ቤንዚን አልደረሳትም ይላል፣ እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፣ አየር የተከለከለ ሞተር እንዴት እንደሚያቃስት ጆሮው ያውቃል፣ ትናንት ካርቡራተሩን አውርዶ ሲያጥብ ወደ ሞተሩ የሚወርደውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈው፣ አቧራ እንዳይገባ፣ የብሎን ዳዶ አምልጦ እንዳይወድቅበት፣ ደንብ ነው፣ መካኒክ ሁሉ ያደርገዋል፣ ከዚያ ካርቡራተሩን መልሶ ከመግጠሙ በፊት ጨርቁን ያወጣል፣ ይህንንም መካኒክ ሁሉ ያደርገዋል። እሱ አላወጣውም። እላዩ ላይ ገጠመበት፣ አራቱንም ዳዶ አጠበቀ፣ እጁን በቤንዚን ታጠበ፣ እራቱን በላ፣ ተኛ።

ረስቶት ነው? ጭንቅላት ይረሳል፣ ልብ ይረሳል፣ እጅ ግን፣ እጅ ይረሳል?

ሰዓት ሠሪው ለምሳ ሰዓት ይመጣሉ። ቤቱን የሚሸጡላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ቃላቸው አንድ ነው፣ መኪናዋ ከተነሳች ከቤቱ ዋጋ የጎደለው ሁሉ በእሷ ተካክሶ ያልቃል፣ ልጃቸው አትክልት ያመላልስባታል፣ ካልተነሳች ግን ልጄ እንዳትቀየሙኝ፣ ሌላ ገዢ ነገ ጠዋት ይመጣል፣ እኔም ከልጄ ጋር የምጠቃለልበት ቀን ደርሷል አሉ። ነገሩ አጭር ነው። እስከ ምሳ ከተነሳች ቤት አላቸው። ካልተነሳች የላቸውም፣ ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ግቢ የኖሩት ይበቃል ያለ የለም፣ ሃያ ሦስተኛው ይቀጥላል።

ቤት ከተባለ። ጣሪያው ተበሳስቷል፣ የጓዳው ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ በሩ ካልገፉት በቀር አይዘጋም፣ አንዱ መስኮት በመስታወት ፋንታ ካርቶን ለብሷል፣ ሽማግሌው እያስጎበኟቸው፣ ይኼ ቤት እንደኔው ነው፣ ወገቡን ደገፍ ካደረጋችሁት ገና ብዙ ይሄዳል፣ እኔን ግን የሚደግፈኝ ጠፋ እንጂ አሉ፣ ሚስቱ ሳቀች፣ መዳፏን ያበጠው ግድግዳ ላይ አሳርፋ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ዳሰሰችው። ይኼን እኔ አስተካክለዋለሁ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ አንዲት ሚስማር ሳትመታ የኖረች ሴት፣ አከራይዋ ሚስማር አይወዱም፣ ግድግዳዬን ወንፊት ታደርጉብኛላችሁ ይላሉ፣ ልብሳቸው ሁሉ ወንበር ላይ ተደራርቦ ነው ያረጀው። በማግስቱ ገመድ ይዛ ሄዳ ክፍሎቹን ለካች፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቋጠሮ፣ ገመዱ አሁን የቀሚሷ ኪስ ውስጥ አለ፣ እየዳሰሰችው ነው፣ ያያታል።

አከራይዋ ባልዲ ይዘው ብቅ ይላሉ፣ ይኼ ግቢ ነው ጋራዥ? ይኼን ሁሉ ዘይት ማን ሊያጥብልኝ ነው? ዛሬ ትወጣለች እትዬ። ዛሬ ትወጣለች፣ ዛሬ ትወጣለች፣ ስምንት ዓመት ዛሬ ነው፣ እኔ ሳልቀድማት አልቀርም፣ ያውም በአራት ሰው ትከሻ! ኧረ እትዬ ክፉ አይናገሩ ትላለች ሚስቱ ከጋቢናው፣ ትስቃለች፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ባልዲውን ደፍተው ይገባሉ። እሱ አይስቅም። ካቻቪቴውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል።

ቢቀርስ። ባትነሳስ። ለሰዓት ሠሪው ሞታለች ቢላቸው ማን ኮፈን ከፍቶ ያይበታል፣ በዚህ ሰፈር ስለ ሞተር እሱ ካለ አለቀ፣ ሞታለች አባባ፣ አዝናለሁ፣ ሽማግሌው ይሄዳሉ፣ ሚስቱ ገመዷን ትፈታለች፣ መኪናዋ እዚሁ ግድግዳው ሥር ትቀራለች። ጎማው ይቀራል።

ጎማው ታላቅ ወንድሙ ነው። ነበር። ስሙ አይደለም፣ ሰፈር ነው ያወጣለት፣ ብትጥለው ይነጥራል ብለው፣ እውነትም ይነጥር ነበር። አባታቸው በሞተ ወር ሳይሞላው አጎታቸው የቤቱን ቁልፍ ቀየረ፣ ጎማው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እሱ አሥራ አራት፣ በር ላይ ቆሙ፣ ጎማው አልተሳደበም፣ ድንጋይ አላነሳም፣ ጋሼ ቤቱን ወስደዋል ይሁን፣ ይህቺን ቆርቆሮ ግን ምን ያደርጉባታል፣ ለእኛ ይተዉልን አለ፣ ቆርቆሮ ያላት ይህቺኑ ፒክአፕ ነው፣ የአባታቸውን። አጎትየው እየሳቀ የመኪናዋን ቁልፍ መሬት ላይ ጣለለት። ጎማው ጎንበስ ብሎ አነሳ። ያ መጎንበስ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው፣ እስካሁን ሰው ቁልፍ ሲጥልና ሌላ ሰው ሲያነሳ ፊቱን ያዞራል።

አሥራ ሦስት ዓመት ጋቢና ውስጥ ኖሩ። ጎማው ከመሪው ኋላ ቁጭ ብሎ ይተኛል፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ራሱን የወንድሙ ጭን ላይ ያሳርፋል፣ የማርሹ ዘንግ ጉልበቱን ይወጋዋል፣ ሲነጋ መስታወቱ በትንፋሻቸው ተሸፍኖ ውጭው አይታይም፣ ጎማው በጣቱ ክብ ይሠራና በክቡ አጮልቆ፣ ዛሬም ዓለም አለች ትንሹ፣ ተነስ ይላል። አንዴ እንኳ ቦታ እንቀያየር ብሎት ነበር፣ አንተ ተኛ እኔ ልቀመጥ፣ ሂድ ወዲያ አለው፣ እኔ እግሬን ዘርግቼ ከተኛሁ መንዳት እረሳለሁ። አሸዋ ጫኑ፣ ድንጋይ ጫኑ፣ የሰው ዕቃ ከቤት ወደ ቤት አጋዙ፣ ቤት የሌላቸው ሁለት ልጆች የሰው አልጋ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ። ሞተሩን ያስተማረው እሱ ነው፣ ጨርቁንም እሱ ነው ያሳየው፣ ጣቱ ዘይት፣ ጥርሱ ነጭ፣ ክፍት ትተህ እንዳትሄድ ትንሹ፣ ክፍት የተተወ ነገር ውስጥ የሚገባው መቼም የማይፈለግ ነገር ነው።

ከዚያ የመጣውን ሆድ ይፍጀው። ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀው።

ምነው ቆምክ አንተ ሰው? ትላለች። እያሰብኩ ነው ይላል። አስብና ሥራ እንጂ፣ ሰውየው እኮ ሰዓት ሠሪ ነው፣ ምሳ ሰዓት ካለ ምሳ ሰዓት ነው። እሺ። እሺ ይላል እንጂ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፣ የኪራይ ክፍላቸው ግድግዳ፣ መኪናዋ ያኔም እዚሁ ነበር የምትቆመው፣ መስኮቷ ከግድግዳው አንድ ክንድ አይርቅም።

ክፍሏን የተከራየው ሊያገባ ሲል ነው። በር ያላት የራሱ ክፍል፣ የመጀመሪያዋ። ጎማው ለማየት መጣ፣ ደፍ ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ አንገቱን ብቻ አስግጎ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ጎበዝ አለ፣ ጎበዝ ትንሹ፣ ከዚያ ጫማውን እያየ፣ ለስንት ሰው ትበቃለች? አለ። እንደ ዋዛ። ቀልድ አስመስሎ።

ለሁለት ነች አለው።

እንዲህ ነው ያለው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም፣ አልተቆጣም፣ ፊቱን አላጠቆረም፣ ለሁለት ነች። ጎማው ሳቀ። ጥሩ ነው አለ፣ ሁለት ጥሩ ቁጥር ነው፣ እኛም ሁለት ነበርን። ትከሻውን መታ አድርጎት ወደ መኪናው ተመለሰ።

ክፍሏ ለሦስት ትበቃ ነበር። ለሦስት፣ ለአራትም። ምን ነበር ያሰበው፣ ቤት የሚባለው ነገር በር ዘግተህ ከውስጥ ስትቀር ነው ብሎ ነበር፣ ጋቢና ውስጥ ያደረውን ልጅ የሚያውቅ ማንም ሰው ከበሩ እንዳያልፍ፣ ጎማውን ሲያይ መስታወቱ ላይ ያለው ትንፋሽ ይታየዋል፣ ውርደቱን ያያል፣ ወንድሙ ላይ አይደለም በሩን የዘጋው፣ ያ ልጅ ላይ ነው የዘጋው፣ እንዲህ እያለ ስንት ዓመት ለራሱ ሲያስረዳ፣ ራሱም አልሰማው።

ክረምት መጣ። ጎማው መኪናዋን ግድግዳው ሥር አቁሞ ጋቢናው ውስጥ ያድራል፣ መኪናዋን እጠብቃለሁ ይላል፣ ማን ሊሰርቃት። ሚስቱ አንዴ፣ አዲስ ሙሽራ ነበረች፣ ምንጣፍ አነጥፍለታለሁ፣ ዝናቡ እኮ ነው፣ ይግባ አለችው፣ እሱ ጋቢና ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም አላት። ሁለተኛ አላነሳችም። ከዚያ ሳሉ ጀመረ። በግድግዳው በኩል ይሰማል፣ ደረቅ፣ እንደማይነሳ ሞተር፣ እሱ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፣ ዜናው ምንድን ነበር፣ አያስታውስም፣ ሳሉን ያስታውሳል። አንድ የነሐሴ ጠዋት መስታወቱ ላይ ክብ አልነበረም። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ቆየ። ሳምባ ነው አሉ፣ ዘገያችሁ አሉ። ዘገያችሁ።

መኪናዋ ግን ኖረች። ነዳት፣ ጫነባት፣ እስክትቆም፣ ከቆመችም በኋላ አንድ ቀን እሠራታለሁ እያለ ስምንት ዓመት አለፈ፣ አሁን ለቤቱ ሲል ዝገቷን ፋቀ፣ ቤንዚን መስመሯን ቀየረ፣ ፍሬኗን አዲስ አደረገ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ የጋቢናውን ወንበር ብቻ አልነካም፣ ከመሪው ኋላ ያለው ስፖንጅ የአንድ ሰው ቅርጽ ይዞ ሰምጧል፣ እዚያ ላይ ነው አሁን ሚስቱ የተቀመጠችው፣ እሷ ቀለል ያለች ናት፣ አትሞላውም።

ዳዶ ይፈታል። መቼ ጀመረ፣ እጁ ነው የጀመረው፣ አንዱን ፈታ፣ ሁለተኛውን፣ ሚስቱ ከጋቢናው ወርዳ አጠገቡ ትቆማለች፣ አራተኛውን፣ ካርቡራተሩን በሁለት እጁ ያነሳል። ጨርቁ አለ። ግማሹ ወደ ውስጥ ተስቧል፣ በቤንዚን ርሷል፣ ጫፉን ይዞ ቀስ ብሎ ይጎትተዋል።

ምንድን ነው?

ጨርቅ።

ማነው የከተተው?

እኔ።

ረስተኸው?

አዎ ማለት ብቻ ነው። ቀላል ነው፣ አዎ፣ ሽበት እኮ ነው፣ ትስቃለች፣ አርጅተሃል ትለዋለች፣ ለእትዬም ትነግራለች፣ ሠላሳ ዓመት የሠራ መካኒክ ጨርቅ ረሳ ብለው አንድ ሳምንት ይቀልዱበታል፣ ያልፋል። አፉን ይከፍታል።

አልረሳሁትም ይላል።

ሚስቱ ለምን አትለውም። ጨርቁን ታያለች፣ ወንበሩን ታያለች፣ ግድግዳውን ታያለች። ጎማው ትላለች። ያ ስም በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት አልተጠራም።

ለስንት ትበቃለች ብሎኝ ነበር ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነው፣ ለሁለት ነች አልኩት። ሬዲዮውን ከፍ የማደርገው ዜና ፈልጌ አልነበረም።

አውቃለሁ ትላለች።

ምኑን?

ሳሉን እኔም እሰማ ነበር። በሩ እኮ በእኔ በኩል ነበር የሚከፈተው፣ አንተ ከግድግዳው ጋር ነበር የምትተኛው፣ እኔ ከበሩ ጋር። እጄን ብዘረጋ መቀርቀሪያውን እነካው ነበር። አልዘረጋሁም። አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ክፍሏ የእኔ ትሁን አልኩ፣ አንዴ ጠየቅኩህ፣ እምቢ ስትል ደስ አለኝ። ምን ታየኛለህ። ደስ አለኝ።

ያያታል። ሃያ ሁለት ዓመት ብቻውን የተሸከመ መስሎት፣ ለካ ከአልጋው ማዶ ሌላ ሰው ተሸክሞ ተኝቷል፣ ስንት ጊዜ ጀርባ ለጀርባ፣ ስንት ክረምት፣ ቢያውቅ ኖሮ ይቀል ነበር? አይቀልም፣ አሁንም አልቀለለም፣ ከበደ እንጂ፣ ጎማው ሁለት ሰው ነው የጨከነበት፣ አንድ ሰው አይደለም። ሚስቱ ጨርቁን ከእጁ ወስዳ ጨምቃ ድንጋዩ ላይ ታሰጣዋለች፣ የሚታሰብ ነገር አይደለም፣ የተበላሸ ጨርቅ ማስጣት፣ እጇ የሚሠራው ነገር ፈልጎ ነው።

ግጠመው ትለዋለች፣ ጀርባዋን እንዳዞረች። እሱን እዚህ ግድግዳ ሥር አቁመነው ከዚህ በላይ አንቆይም። ግጠመው።

ይገጥማል። አራት ዳዶ። አንዱ አምልጦ መሬት ይወድቃል፣ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፣ ያጠብቃል። ሚስቱ ወጥታ ከመሪው ኋላ ትቀመጣለች። አስነሺው።

ሞተሪኖው አንዴ ይጮኻል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል፣ ድጋሚ፣ ይይዛል፣ ይወድቃል፣ ይይዛል፣ ከዚያ ልቡን አግኝቶ ወጥ ባለ ድምፅ ይሄዳል፣ ግቢው ይንቀጠቀጣል፣ የአከራይዋ መስኮት ይንጣጣል፣ ይኼው ተነሳች! ይኼው! የሚሉት እትዬ ናቸው፣ አጥፊው ሊላት ይገባል፣ ይሙቅ ሊላት ይገባል፣ ምንም አይላትም፣ እሷም መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ይሁን ሌላ አይለይም፣ ኮፈኑን ሊዘጋ ይይዘዋል፣ አይዘጋውም፣ ድምፁን መስማት፣ ያንኑ ድምፅ፣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ራሱ የሰው ጭን ላይ ነው፣

ቤቶች! ይላሉ ከበሩ። ሰዓት ሠሪው ናቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ገብተው ቆመዋል፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፣ ሰዓት ጆሮ ላይ እንደሚያስጠጋ ሰው፣ ከዚያ እሱን ያዩታል፣ ልጄ ምን ሆነህ ነው፣ ዓይንህ ረጥቧል?

ጭሱ ነው አባባ።

ሽማግሌው ወደ መኪናዋ ኋላ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ጎንበስ ብለው የጭስ ማውጫውን ያያሉ፣ መዳፋቸውን ከፊቱ ይዘረጋሉ። ጭስ የለም። ረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ሲቃኑ ፊቱን አያዩትም፣ መዳፋቸውን ኮታቸው ላይ እየጠረጉ፣

ንጹሕ ነች ይላሉ።