አሥራ አንደኛው መስመር

ሜርል ኮስትካ አፍንጫው ለሦስት ላሞች ጥላ የሚበቃ ገበሬ ነው። ያን አፍንጫ ይዞ ቨርሊን ፊት ሲቀመጥ የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ጨለመ። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሊያበቃ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ከሜርል ኋላ የተሰለፈው ሕዝብ በሩን አልፎ፣ ፖስታ ቤቱን ዞሮ፣ ከካንሳስ ሊወጣ ምንም አልቀረው። በሁሉም ብብት ሥር ሰማያዊ ፋይል ይታያል።

ሰማያዊው ፋይል የኦሪን ነው። የቨርሊን ባል ኦሪን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ግብር ሲሠራ ኖሮ ባለፈው ጥቅምት ሞተ። ገበሬው ሁሉ ወረቀቱንም፣ ለመንግሥት የሚገባውን ገንዘብም በእጁ አስረክቦት ይሄድ ነበር፤ እሱም አስፈርሞ ግልባጩን በሰማያዊ ፋይል ይመልሳል። የቀብሩ ዕለት ሙታን ሳይቀሩ ተነሥተው የሸኙት ይመስል ነበር። ዘንድሮ ሰዉ ማን ይሥራልን ሲል ቨርሊን በነጻ እኔ እሠራለሁ አለች። የባሏ ስም እንዳይረሳ ብላ ነው።

ኮምፒውተሩ ሰውየው ራሱ ሜርል መሆኑን ለማረጋገጥ አምና ያሳወቀውን የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ ጠየቀ።

«አፍንጫዬን አያይም እንዴ?» አለ ሜርል።

«አፍንጫህማ በየዓመቱ ያድጋል። የአምና ቁጥር ነው የማይለወጠው።»

ከፋይሉ ግልባጭ ይህ ገቢ የሚጻፍበትን አሥራ አንደኛውን መስመር አውጥታ ጽፋ ላከች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማሳወቂያው ተመለሰ፤ ቁጥሩ መንግሥት ዘንድ ካለው ጋር አይመሳሰልም ይላል። ቁጥሩን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ደገመችው። አሁንም ተመለሰ። መመሪያው፣ መንግሥት ዘንድ የአምና ማሳወቂያ ያልተመዘገበለት ሰው ዜሮ ይጻፍ ይላል። ለሙከራ ያህል ዜሮ ጻፈች። ተቀበለው።

«ዜሮ ነኝ ማለት ነው? ሚስቴ ስትለኝ አላምን ብዬ» አለና ሜርል ቤቱን የሚያናጋ ሳቅ ስቆ ወጣ።

ቨርሊን አልሳቀችም። የሜርል የአምና ወረቀት መንግሥት ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ፖስታ ቤት ጠፍቶ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች፤ የዚህ አገር ነፋስ እንኳን ደብዳቤ ጎተራም ይወስዳል። ሁለተኛው ሰው ሎውል ተቀመጠ። የሱም ቁጥር ተመለሰ፤ በዜሮ አለፈ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ያኔ ግራ ዳሌዋን ብርድ ብርድ አላት።

አምና በሚያዝያ ሐኪሞች ዳሌዋን አውጥተው ብረት ተክተውላታል። ኦሪን ኢንሹራንሱ ሁሉንም ችሎታል አላት። አንድም የሆስፒታል ደረሰኝ በዓይኗ አላየችም፤ አልጠየቀችምም። የከተማው የግብር ገንዘብ ኦሪን እጅ የነበረውም በዚያው ሰሞን ነው። በዚያ ዳሌ እየተራመደች ነው ባሏን የቀበረችው።

ቀና ብላ ሰልፉን አየች። ሰማያዊው ማለቂያ የለውም። ግብር አልከፈላችሁም የሚለው የመንግሥት ደብዳቤ ኤሊ ነው፤ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ለእነዚህ ሰዎች አሁን ብትነግራቸው የኦሪን የመቃብር ድንጋይ እስከ ምሽት እንኳ ቆሞ አይቆይም። ዛሬን በሰላም አልፈው ቤታቸው ይግቡ እንጂ፣ ነገ ወይ ለዳኛ ወይ ለቄሱ እናገራለሁ ብላ ወሰነች። እጇን አፍጥና ሰዉን በዜሮ ታሳልፍ ጀመር። አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ዘጠነኛውን።

አሥረኛዋ አርዲት ፔል ናት። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች፣ የሚበሩ ዳክዬዎች እንኳ ሰልፋቸውን አስተካክለው በላይዋ የሚያልፉ ሴት። ፋይሏን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቨርሊን ስሟን ጻፈች፤ ቀጥላ ዜሮ ጻፈች።

«ቨርሊን» አለች አርዲት ቀስ ብላ፣ «ፋይሉን እኮ አልከፈትሽውም።»

ከኋላዋ ያለው ወሬ ተቋረጠ። አንድ ሰው ፋይሉን ከብብቱ አውጥቶ ገለጠ፤ ቀጥሎም ሌላው። ሎውል በር ላይ ኮፍያውን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ ሜርልን ልጥራው ብሎ ወጣ።

ቨርሊን ልትነሣ ጠረጴዛውን ተደገፈች። አርዲት ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ የቨርሊን ግራ ዳሌ ላይ አሳረፈችው፤ እዚያው አቆየችው።