የማዳበሪያው ቤት የመጀመሪያ ተከራይ

ሱረያ የቤቱን መፍረስ መጠበቅ የጀመረችው መሠረቱ ሳይቆፈር ነው። ልጇ ኢንሳፍ ከጅዳ ተመልሳ «እማ፣ ከጓሮ ሁለት የሚከራይ ክፍል ልሠራ ነው» ባለቻት ጠዋት፣ ሱረያ የታያት ክፍሉ ሳይሆን ፍርስራሹ ነበር። ቀጥላ የታየቻት ደግሞ ፍርስራሹን ትታ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ መናኸሪያ የምትሄድ ኢንሳፍ ናት።

ይህ ሁለተኛው ፍርሃት እንኳ ከራሷ ያመጣችው አልነበረም። ኢንሳፍ በአፏ ተናግራዋለች። በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን በሙሉ እዚህ ላይ ታውላለች። ክረምቱ ሳይወጣ ተከራይ ከተገኘ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ትቀመጣለች፤ ካልተገኘ ወደ ጅዳ ትመለሳለች። ሻንጣዋንም አልፈታችውም፤ እንደታሰረ አልጋዋ ሥር ነበር።

«በብሎኬት ቢሆን እንኳ ደግ ነበር» አለች ሱረያ።

«በብሎኬት ከጀመርኩ ገንዘቤ አልቆ መሠረቱ ላይ ነው የምቀረው። በማዳበሪያ ነው የምሠራው።»

«በምን?»

«በባዶ ማዳበሪያ። አፈር እንሞላና አፉን ሰፍተን እንደ ጡብ እንደረድረዋለን። በስልኬ አሳይሻለሁ፤ ሌላ አገር ሰው እየኖረበት ነው።»

«ሌላ አገር ነሐሴ አለ?»

ኢንሳፍ ሳቀች። ሱረያ ግን የምሯን ነበር።

ሽታው የሚባል የአምባሰል ሰው፣ ግንበኛ፣ ሥራውን ያዘ። እሱም በማዳበሪያ ሠርቶ እንደማያውቅ አልደበቀም። ከኢንሳፍ ጋር ስልኩ ላይ አጎንብሶ ካየ በኋላ «ከድንጋይ አይከብድም» ብሎ ገባበት። አፈሩ የተቆፈረው ከዚያው ከጓሮው ነው፤ ጉድጓዱ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል ተባለ። ለሙሌቱና ለድርደራው እንደ ወጉ ጎረቤቱ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለደቦ ወጣ። አንዱ ይሞላል፣ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ በከባድ እንጨት ይደቀድቃል። በየድርድሩ መሐል እንዳይንሸራተት እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋል። ሽታው በየጊዜው ቱምቢውን አንጠልጥሎ፣ ግድግዳው መቅናቱን ሊያይ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሱረያም ከኋላው ቆማ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ሱረያ፣ ይህን ሁሉ ማዳበሪያ ዘንድሮ ምን ልትዘሪበት ነው?» አለቻት የአጥር ጎረቤቷ ፈዲላ።

«ሐዘን።»

«ኧረ አብሽሪ! አንቺ ደግሞ ሠርግ ቤት ገብተሽ ከፈን የምትለኪ ነሽ።»

ሰው ሳቀ። ግድግዳው ከወገብ በላይ ሲሆን ግን አንድ ሽማግሌ «ምሽግ መሰለ» አሉ፤ ያኔ የሳቀ አልነበረም። የተደረደረ ማዳበሪያ ምን እንደሚያስታውስ ሐይቅ ውስጥ ለማንም አይነገርም። ሽታው ቶሎ ብሎ «ሲለሰን ቤት ይሆናል» አለና ሥራው ቀጠለ።

ቆርቆሮው ተመታ። ከጤፍ ጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ተለሰነ። ሰኔ ገብቶ ነበር። ሽታው ለለቅሶ ወደ አገሩ ሲወጣ ሱረያን ለይቶ አስጠነቀቃት።

«እትዬ ሱረያ፣ አንቱን ስለማውቅዎ ነው። ልስኑ ነፋስ ይፈልጋል። የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ይመልስለታል፤ እንዳይነኩት።»

እሱ በሄደ ማግስት ከሐይቁ ማዶ ደመና ተነሣ። ሱረያ ገበያ ወርዳ ላስቲክ ገዝታ መጣችና ቤቱን ከክፈፉ እስከ መሬት፣ እንደ ታመመ ሕፃን ጠቀለለችው። ግርጌውንም በድንጋይ አስያዘችው።

«እማ፣ ሽታው እኮ አትንኩት ብሏል።»

«ሽታው አምባሰል ነው። ዝናቡ ግን እዚህ ነው።»

ዝናቡ መጣ። ኢንሳፍም ክርክሩን ተወችው። ሱረያ በየጠዋቱ ላስቲኩን እየዳሰሰች፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ክፉ ነገርን እንደቀደመች ተሰማት።

ከዚያ ስህን መጣች። ከውጫሌ ወደ ሐይቅ የተመደበች፣ ቤት የምትፈልግ አስተማሪ ናት። ኢንሳፍ ደስ ብሏት «እንግባና እይው» ብላ ላስቲኩን ገለጠችው። የላቦት ሽታ ወጣ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ስህን።

ሱረያ ጠጋ ብላ አየችው። «ጤፍ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከጭዱ ጋር የቀረው ፍሬ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ በቅሎ ነበር።

ፈዲላ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ማሻአላህ! ኪራይና አዝመራ በአንድ ቤት! ሱረያ፣ ስታጭጂ እንዳትረሺን!»

ስህን በጣቷ ልስኑን ነካ አደረገችው፤ ጣቷ ገባ። ያኔ ሱረያ፣ የሚከራይ ዕቃ ነውሩ አይደበቅም ብላ፣ የቀረውንም ዘረገፈችው። ውስጡ ማዳበሪያ ነው። ግንበኛው ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። ክረምት አላየም። የሐይቁ ነፋስ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ስህን አመስግና ሄደች። ከሰዓት በኋላ ኢንሳፍ ወደ ጅዳ ለሚልካት ደላላ በስልክ «አዎ፣ ፓስፖርቴ ጊዜው አላለፈም» ስትል ሱረያ ከመስኮቱ ሥር ሰማች።

ሽታው ተመልሶ አረንጓዴውን ግድግዳ ሲያይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ልስኑን ፍቆ ከሥር ያለውን ማዳበሪያ በመዶሻ መታው፤ ድንጋይ የተመታ ያህል ጮኸ።

«ግድግዳው ምንም አልሆነም፤ የበሰበሰው ልብሱ ነው።»

እንደገና ለሰነው። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ነፋስ እያገኘ ደረቀ፤ ኖራም ተቀባ። ወሬው ግን ቀድሞ ከተማውን አዳርሶ ነበር። የቤት ደላሎቹ «ያ ጤፍ የሚያበቅለው?» እያሉ ሰው ማምጣት ተዉ። ሐምሌ ገባ።

አንድ ቀን ሱረያ ከደጃፏ ተቀምጣ ሁለቱን ፍርሃቶቿን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ቤቱ ሊወድቅ ይችላል። ኢንሳፍ ግን በዚህ ከቀጠለ መሄዷ አይቀርም። አንዱ ምናልባት ነው፤ ሌላው ቁርጥ ነው። ተነሥታ ፍራሿን መጠቅለል ጀመረች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ያችን አስተማሪ ጥሪያት። ዋናውን ቤት ትከራይ። እኔና አንቺ ከጓሮ እንገባለን።»

«አንቺ? ማዳበሪያው ውስጥ?»

«ከወደቀም በእኛ ይውደቅ፤ የሰው ልጅ ላይ አይውደቅ።»

ኢንሳፍ ቆማ አየቻት። ከዚያ የፍራሹን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ሻንጣዋም ተከተለ፤ እንደታሰረ።

ስህን ዋናውን ቤት፣ የሱረያ ባል ነፍሱን ይማረውና በእንጨትና በጭቃ የሠራውን፣ ደስ ብሏት ተከራየች። ፈዲላ ነገሩን ለማመን ጓሮ ድረስ መጣች። ሱረያ እኮ ሚኒባስ የምትሳፈረው ፍሬን መኖሩን ጠይቃ ነው፤ ይህን ሐይቅ ሁሉ ያውቃል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ በረዶ ይዞ መጣ። ሱረያ አንድ እግሯን ከደጃፉ አውጥታ፣ ለመሮጥ ተዘጋጅታ፣ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረገች። ቆርቆሮው ጮኸ። ግድግዳው ግን ድምፅ አልነበረውም፤ አልተነቃነቀም፤ ነፋሱም አልገባም። በረዶው ሲያባራ በመዳፏ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። እግሯን ወደ ውስጥ መለሰች።

ወዲያው ስህን ባልዲ እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ዋናው ቤት አፍስሶ አልጋዋ ርሷል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ምስጥ የበላው ማገርም ተገንጥሏል።

«እትዬ፣ ሁለተኛው ክፍል ሰው አለበት?»

«ማዳበሪያ ነው እኮ።»

«ነግረውኛል።»

«ነሐሴ ገና አልመጣም።»

«አንቱ ከገቡበት ወዲያ» አለች ስህን እየሳቀች፣ «ነሐሴን ምን አስፈራኝ?»

ዕቃዋን አብረው አሸጋገሩ። ዋናው ቤት ሲጠገን ለሌላ ሰው እንደሚሆን ኢንሳፍ ለሽታው በስልክ ነገረችው። የጅዳው ደላላ ሲደውል ደግሞ፣ ሱረያ እያየቻት፣ «አልሄድም፤ ተከራይ አለብኝ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ስባ ፈታችውና ልብሶቿን አንድ በአንድ በግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለች።

ሱረያ ልጇ ፊቷን እስክታዞር ጠብቃ ሚስማሩን ጎተት አደረገችው፤ ልስኑን ይዞ እንዳይወርድ።