የድንጋዩ ከባድ ጎን

ቦሌ ሚካኤል ሚዛን እጠግናለሁ። ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ሉዋም ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ድንጋይ ትመዝናለች። ድንጋዩ ያለው ሰማይ ላይ ነው፤ ፀሐይን የሚዞር፣ አንድ ኪሎ ሜትር የሚያህል አስትሮይድ። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

«ሳይነኩት እንዴት ይመዘናል?» አልኳት መጀመሪያ ሰሞን።

«አጠገቡ እየተመላለሰች የምታልፍ መንኩራኩር አለች፣ ጋሼ ወልዴ። በስበቱ ትንሽ ይጎትታታል። ምን ያህል እንደተጎተተች ከሬዲዮዋ እናውቃለን። ውስጡ በአንድ በኩል ከከበደ፣ በዚያ በኩል ስታልፍ ይበልጥ ይስባታል።»

ከብዙ ደንበኞቼ የተሻለ አስረዳችኝ።

ዘንድሮ ከባድ ጎን አገኘች። አማካሪዋ ደስ ብሏቸው የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ ላይ አስገቡት። አርብ ፈታኞች ፊት ታቀርባለች፤ ካለፈች ዶክተር ናት።

ማክሰኞ ሽንኩርት ነጋዴዋ ራህማ ከሾላ ገበያ ትልቁን ሚዛኗን ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር አስጭና መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ የጠገንከው ሚዛን አዋረደኝ። ሃምሳ ኪሎ የነበረው ጆንያ ዞር ስል ሃምሳ ሁለት ሆነ። ወላሂ፣ ደንበኛዬ ፊት መግቢያ አጣሁ።»

«ሽንኩርቱ ይሆን?»

«ጆንያ ውስጥ የሚወፍር ሽንኩርት አይቼ አላውቅም።»

ጆንያውን መሃል ላይ አስቀመጥኩት፤ ሃምሳ። ወደ አራቱም ጥግ ገፋሁት። የቀኙ ጥግ ላይ ሃምሳ ሁለት አለ። እዚያው ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዞርኩት። አሁንም ሃምሳ ሁለት። ጆንያው ዞሮ ትርፉ ካልተነቃነቀ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው።

«ያንተ ነው ማለት ነው» አለች ራህማ።

«የሚዛኑ እግር ነው።»

ሉዋም የክፍሏን በር ከፍታ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ታየናለች።

«ጋሼ ወልዴ፣ ለምን አዞሩት?»

«ካላዞርኩት በምን አውቃለሁ?»

ወደ ስክሪኗ ዞረች። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሷ ባልለየ ድምፅ፣ «ድንጋዩ በየስድስት ሰዓቱ አንዴ በራሱ ላይ ይዞራል» አለች። «ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ኢንተርኔቱን ደግሞ ያውቁታል። ስለዚህ ከየቀኑ አንድ ፋይል ብቻ ነው ያወረድኩት፤ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት የተቀዳ። በቀን አራቴ ዞሮ ያንኑ ፊቱን ነው ያሳየኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ጆንያ አታዞሪም?» አለች ራህማ። «ሾላ ብትመጪ በአንድ ጠዋት አስተምርሽ ነበር።»

ሉዋም አልሳቀችም። በሌላ ሰዓት የተቀዱትን ማውረድ ጀመረች። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ መጣ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጨረሰች። ድንጋዩ ሲዞር ከባዱ ጎን አብሮት አልዞረም፤ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ቆመ።

«የፀሐይዋ ብርሃን ነው» አለችኝ። «የመንኩራኩሯን ሶላር ይገፋል። ትንሽ ግፊት ናት፤ እኔ የምለካውም ትንሽ ነው። ስሌቴ ውስጥ አሳንሼ አስገብቼዋለሁ።»

«ድንጋዩስ?»

«ለመጠኑ ቀላል ነው፤ ሲሶው ባዶ ነው። የፍርስራሽ ክምር ነው፣ በየመሃሉ ክፍተት ያለው። በየትኛውም በኩል ያው ነው።»

ለአማካሪዋ ደወለች። «ነገ እንዳለ አቅርቢው፣ በኋላ እናርመዋለን» አሏት። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር፤ ጆሮዬም ሥራ አልፈታም። «እሺ» አለች። ምን ዓይነት እሺ እንደሆነ ግን አልገባኝም።

አርብ አብሬያት ሄጄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ርዕሱን ስክሪኑ ላይ አሳየች። ቀጥላ፣ «ይህ ከባድ ጎን የለም» አለች።

አንድ ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምንም እንደሌለ ልትነግሪን ነው የመጣሽው?»

«ባዶው ሲሶ አለ። እኔ እንዴት እንደተሳሳትኩም አለ።»

አማካሪዋ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

አስወጥተውን አርባ ደቂቃ መከሩ። ኮሪደሩ ላይ እናቷ ወይዘሮ አስመረት አበባ ታቅፈው ቆመዋል፤ ከለሚ ኩራ በጠዋት ነው የተነሱት። ሉዋም ተጠርታ ገባች፣ ወዲያው ተመልሳ ወጣች።

«ዶክተር ሆንሽ?»

«ገና ነኝ እማዬ። በየሰዓቱ የተቀዳውን ሁሉ ጨምረሽ በሦስት ወር ተመለሽ አሉኝ።»

ወይዘሮ አስመረት አበባውን አዩት። «ሦስት ወር አይቆይም ይሄ።»

«ስጪኝ በቃ» ብላ ተቀበለቻቸው። ደረጃውን ስንወርድ ስልኳ ጮኸ፤ አማካሪዋ ናቸው። አበባውን ለእኔ አስይዛ መልእክቱን አነበበችልኝ፦ «ሰኞ በጠዋት ነይ። ቢሮዬ ያለው ኢንተርኔት ይሻላል።»