የአስረሳሽ ሽሽት

አስረሳሽ አማቿን ከመውደዷ የተነሳ ዓይኑን ማየት አቅቷት ነበር። በሮቢት ከተማ ዙሪያ ባለው ገጠር ይኼ ምን ይገርማል? ልጅሽን ላጨ ሰው ፊትሽን ከሰጠሽው ናቅሽው ማለት ነው፤ ካከበርሽው ደግሞ ትሸሺዋለሽ። በቃ።

ይርጋ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ አስረሳሽን ራሷን ፊደል ያስቆጠረ መምህር። ልጇን ደመቀችን እስኪያጭ ድረስ "እትዬ አስረሳሽ" እያለ ቤቷ ገብቶ፣ ጉንጯን አገላብጦ ስሞ፣ የማሽላ እንጀራዋን ጥርግ አድርጎ በልቶ ይሄድ ነበር። ሽማግሌ ልኮ እሺ በተባለ ማግስት ሴትዮዋ ጠፋች! መንገድ ላይ ካየችው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ማሽላው ውስጥ ጥልቅ ትላለች። ትምህርቱንም ተወችው፤ ገና "መ" ላይ ነበረች፣ አንጀቷ እያረረ ቀረች።

እሱ ሆዬ ጥፋቱን ሊጠይቅ ተከተላት! አንድ ቀን ማሽላው መሃል "እትዬ፣ ምን በደልኩዎት?" እያለ ሲያሯሩጣት፣ "ወይ ይኼ ልጅ፣ ዛሬስ ጉድ ሊያደርገኝ ነው!" ብላ የአንድ እግር ኮንጎ ጫማዋን ጥላ አመለጠች። ማን ያስረዳው? ደመቀች እንደሆነች የታጨች ናትና ተደብቃለች። የአስረሳሽ ባል አራጌም "ይኼም ይነገራል እንዴ? የተማረ ሰው አይደል!" ብሎ ሳቀ።

አንድ ቅዳሜ ግን አራጌ ከሮቢት ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

"ልጁ ደሴ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፍሯል። 'እናትየው ከጠሉኝ ትዳሩ አይባረክም፣ ሌላ ይፈልጉላት' አለኝ።"

ከጓዳ የደመቀች ለቅሶ ተሰማ።

"ጠላሁት? እኔ?" አስረሳሽ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ሮጠች።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ደርሳ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ጣለች። ይርጋን ማናገሩ እንደሁ አይሞከርም፤ እፍረት ገደላት። ስለዚህ በሾፌሩ ላይ ጮኸች።

"አንተ ሾፌር! ለዚያ ከኋላህ ለተቀመጠው ሰው ንገርልኝ! የሸሸሁት ስለምወደው ነው! ስለማከብረው ነው! ብጠላውማ ቁጭ ብዬ ፊቱን አየው ነበር!"

ሾፌሩ ዘወር ብሎ "ሰምተሃል?" አለ። ተሳፋሪው በሳቅ ፍርስ አለ።

ይርጋ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ከተራመደ በኋላ ቀጥ አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጣትና ኮቱን አውልቆ ራሱ ላይ ጣለ።

"ሾፌር፣" አለ፣ "ለእናቴ ንገርልኝ። እኔም እወዳቸዋለሁ።"

አስረሳሽ ነጠላዋን ከፊቷ ሳታነሳ እልልታዋን አቀለጠችው።