የተራራ ቆራጩ ልጆች

ኤልዜያር ትራንሽሞንታኝ አባቱ ካዘዙት ሥራ ሁሉ እንደዚህኛው ደስ ብሎት የሠራው የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ከቄሱ ቤት አልወጣም፤ የጥምቀቱንና የጋብቻውን መዝገብ ሲያገላብጥ ጣቶቹ በአቧራ ጠቆሩ።

የካናዳዋ ኬቤክ ሦስት መቶኛ ዓመቷን ልታከብር ነው። አንዱን መሬት ሁለት መቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ ለኖረ ቤተሰብ ሜዳሊያ ይሰጣል ተብሏል። አባቱ ዞቲክ ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸውን ላኩት።

«የዘር ሐረጉ ካልተበጠሰ ሜዳሊያ ያለው መሬት አይሸጥም፤ እዚሁ ትቀመጣለህ» አሉት። «ከተበጠሰ ግን እንሸጥና ወደ ወንድሞችህ እንሄዳለን።»

ሁለቱ ወንድሞቹ ድንበር ተሻግረው አሜሪካ፣ ሎዌል ከተማ ጥጥ ፋብሪካ ከገቡ ስድስት ዓመት አልፏል። እጮኛው ሮዚልዳም ማክሰኞ በባቡር ልትከተላቸው ነው። «ሽማግሌው አባትህ እስኪወስኑ ሌላ ክረምት አልጠብቅም» ብላዋለች፤ ደግሞ የአፏን የምታደርግ ሴት ናት። ኤልዜያር ብድግ ብሎ አይሄድም ወይ? አይሄድም። እናቱ ከሞተች ወዲህ አባቱ እሱ ማዕድ ካልቀረበ የአተር ሾርባቸውን አይነኩም። እንዲህ ያለውን ሰው ጥሎ ለመሄድ አንጀቱ እምቢ አለው።

በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ላይ የፈለገውን አገኘ። ከቅድመ አያቱ አባት ከሉዊ በላይ ትራንሽሞንታኝ የሚባል ፍጡር የለም። ከዚያ በፊት መሬቱ ላይ የነበሩት ኦቡሾን የሚባሉ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ልቡ ዘለለች። ቆሞ ኮፍያውን አነሳ።

«ምነው ፊትህ በራ?» አሉት ቄሱ አባ ሌጋሬ፣ ትምባሆአቸውን እየሳቡ።

«ተበጥሷል አባ! መሬቱ የኦቡሾኖች ነበር።»

አባ ሌጋሬ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አይ አንተ! የወታደር ስም እኮ ነው! የመጀመሪያው ኦቡሾን ወታደር ነበር። ያኔ ደግሞ ቅጽል የሌለው ወታደር የለም፤ ሻምበሉ ትራንሽሞንታኝ፣ ማለትም ተራራ ቆራጭ፣ አለው። ልጆቹ ቅጽሉን ይዘው ኦቡሾንን ጣሉት።» ገጹን ገልጠው ጣታቸውን አሳረፉበት። «ይኸው፣ ‹አንቷን ኦቡሾን፣ ትራንሽሞንታኝ የሚባለው።› ይኸው ልጁ ሉዊ። አንድ ሰው አልጎደለም። እሁድ ቅዳሴ ላይ ለሰው ሁሉ አነበዋለሁ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!»

ኤልዜያር የግንቦቱን ጭቃ እየረገጠ ተመለሰ። የተራራ ቆራጭ ዘር ሆኖ ሁለት መቶ ዓመት ከአንድ ቁራጭ እርሻ መውጣት አለመቻል! ባይናደድ ኖሮ ይስቅ ነበር። ይበልጥ ያናደዱት ግን አባቱ ናቸው፤ ሜዳሊያቸውን የሚሰቅሉበትን ምስማር ሳይመቱ አልቀሩም ብሎ አሰበ።

ዞቲክ እርሻው ላይ ድንጋይ ይለቅማሉ። በረዶው በየዓመቱ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ እየገፋ ያወጣል፤ እነሱም በየዓመቱ እየለቀሙ አጥሩ ሥር ይከምራሉ። ከታች ያለው የአያቱ ክምር ነው።

«እህስ?» አሉ።

«አልተበጠሰም አባባ።»

«ደህና አድርገህ አየህ?»

«አየሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ቄሱም አይተውታል።»

ዞቲክ አላማተቡም፣ ፈገግም አላሉም። ክምሩ ላይ ቁጭ ብለው ከእርሻው በታች የሚያልፈውን ወንዝ ተመለከቱ።

«በሃያ ዓመቴ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቼ ነበር» አሉ። «አባቴ እዚሁ ክምር ላይ ተቀምጠው ነው ያስቀሩኝ። እኔማ... ይበጠሳል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አንተ ማንበብ ስለምትችል አንድ ቀዳዳ አታጣም ብዬ ነበር።»

ኤልዜያር መንገዱን ሁሉ ሲያዘጋጀው የመጣው ቁጣ አፉ ላይ ቀረ። ሮዚልዳ ትዝ አለችው፤ ማክሰኞም ትዝ አለው።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና አንድ ትልቅ ድንጋይ በአንድ በኩል ያዙ።

«በል በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉ፣ ፊቱን ሳያዩ። «ይቺን ለብቻዬ አልችላትም።»

ኤልዜያር ጎንበስ ብሎ ያዘ።