አሥራ አንድ ቀን

"ቀስ በል ቢሻው፣ እግሯን ግድግዳ እንዳይመታት!" አለ ፈረደ፣ የወንበሩን ጀርባ ይዞ ደረጃውን አንድ በአንድ እየወረደ።

ጎረቤቱ ቢሻው ከታች በኩል የወንበሩን እግሮች ጨብጦ የኋሊት ይወርዳል። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ የፈረደ ቤት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚስቱ ሙሉመቤት ወገቧን በነጠላ ከወንበሩ ጋር ታስራ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ በተቀመጡበት ሆነው፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ከቤት ከወጣች ሁለት ወር ሊሆናት ነው።

"እትዬ ሙሉ፣ ዛሬማ ሙሽራ መስለዋል" አለ ቢሻው እያለከለከ።

"ሙሽራ በበቅሎ ነው የምትሄደው" አለች። ምላሷ ስለከበዳት ቃሎቹ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት።

ልጃቸው ኦሬል የታጠፈውን ባለ ጎማ ወንበር ተሸክማ ትከተላቸዋለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቢሉ ሴንተር በሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ ቤት ትሠራለች። ዛሬ ለዚሁ ጉዳይ ብላ ተራዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ቀርታለች። ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ አልተፈታም።

"አባ፣ አሁንም መመለስ እንችላለን። ኢማ ለኤግዚቢሽን የምትቀርብ ዕቃ አይደለችም" አለች፣ እናቷን በዕብራይስጥ እየጠራች።

"ማንም አላስገደደኝም" አለች ሙሉመቤት ዓይኗን ሳትገልጥ። "እሄዳለሁ ያልኩት እኔው ነኝ።"

እውነቷን ነው። ግን እሄዳለሁ ስትል ያልተነገራት ነገር ነበር። ፈረደ ያንን ነገር ይዞ ደረጃውን ወረደ።

ፈረደ በረሆቮት ከተማ አጠገብ፣ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የምርምር መንደር ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የምርምር ቤት የአይጦች ጠባቂ ነው። የተቀጠረው ለጽዳት ነበር፤ እጁ የማይቸኩል ሰው መሆኑን ያየው የምርምር ቤቱ ኃላፊ፣ ዶክተር ናዳቭ፣ አይጦቹን ሰጠው። ይኸው ሰባት ዓመት ሰጋቱራቸውን ሲቀይር፣ ውሃቸውን ሲሞላ፣ በትንሽ ሚዛን ሲመዝናቸው ኖረ። አይጦቹ በሽታውን ይዘው ነው የሚወለዱት። በሦስት ወራቸው የኋላ እግራቸውን መጎተት ይጀምራሉ፤ የፊቱ ይከተላል፤ በመጨረሻ ትንፋሽ። ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ የሚያቆምበት በሽታ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ሦስት ሆሄ ነው፤ ፈረደ በየሳምንቱ በየሳጥኑ ካርድ ላይ ይጽፈዋል።

ሙሉመቤት በአረጋውያን መኖሪያ ቤት አንሶላ አጣጣፊ ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት አንሶላው ከእጇ እየወደቀ አስቸገራት። ቀጥሎ ግራ እግሯ መጎተት ጀመረ። አንድ አርብ ከገበያ ሲመለሱ ፈረደ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ አረማመዷን አየ። በሰው ላይ አይቶት ባያውቅም አረማመዱን ያውቀዋል። ከአምስት ወር በኋላ የሐኪሙ ወረቀት ሲመጣ እነዚያ ሦስት ሆሄያት ነበሩበት። ኦሬል "ምንድን ነው አባ?" ብላ ስትጠይቀው "እኔ ምን አውቄ" አላት።

ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ሰባት፣ መንግሥት ለአንጎልና ለነርቭ በሽታዎች ምርምር ገንዘብ መድቦ ተመራማሪዎችን አወዳደረ። የናዳቭ ማመልከቻ የመጀመሪያውን ዙር አለፈ፤ ቀጥሎ ገምጋሚዎች ራሳቸው መጥተው ሊያዩ ሆነ። ገንዘቡ ከተገኘ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተገኘ በሩ ይዘጋል። ናዳቭ አንድ ቀን አይጦቹ ክፍል ገብቶ ፈረደን ብቻውን አገኘው።

"ቁጥርና መስመር ብቻ አይተው እንዳይሄዱ ፈራሁ" አለው። "እንደ ሚስትህ ያለ ሰው ቢያዩ ነው የሚገባቸው። አላዝህም ፈረደ፤ እለምንሃለሁ።"

"ገንዘቡ ቢሰጥ መድኃኒቱ ለሰው መቼ ይደርሳል?"

ናዳቭ ጫማውን አየ። "ቢፈጥን አራት ዓመት።"

ፈረደ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ "ትንሽ ጊዜ ይወስዳል" ብሎ ነው የነገራት።

የስብሰባው ክፍል ቀዝቃዛ ነበር። ፈረደ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትቶ ትከሻዋ ላይ አለበሳት። ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና መሐል የተቀመጠች ሽበታም ሴት። ናዳቭ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ በዕብራይስጥ አስረዳ፤ ድምፁ የፈተና ተማሪ ድምፅ ሆኖበታል።

"መድኃኒቱን የወሰዱት አይጦች ካልወሰዱት በአማካይ አሥራ አንድ ቀን በልጠው ኖረዋል" አለ።

"አሥራ አንድ ቀን ብቻ?" አለ ከሁለቱ ወንዶች ቀጭኑ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "ለሰውስ መቼ ትደርሳላችሁ?"

"አርባ ሻኒም" አለ ናዳቭ ዝቅ ባለ ድምፅ። አራት ዓመት ማለቱ ነው።

የፈረደ ጆሮ ጋለ። ሙሉመቤት ዕብራይስጥ ብዙም አትናገርም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ሃያ ዓመት ሙሉ አንሶላ የቆጠረችው በዕብራይስጥ ነው። ፊቷን ቀስ ብላ ወደ እሱ አዞረች።

"አራት ዓመት ነው ያለው?"

"አዎ።"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

ፈረደ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለ። ሽበታሟ ሴት ሁለቱን ሲያወሩ አይታ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ሙሉመቤት" አለች፣ ስሙን እንዳትሳሳት እየተጠነቀቀች፣ "ልትነግሪን የምትፈልጊው ነገር አለ?"

ፈረደ ተረጎመላት። ትናንት ማታ "ተስፋ አለኝ በያቸው" ብሏት ነበር። እሷ ግን ቀጭኑን ሰውዬ ነበር የምታየው።

"አሥራ አንድ ቀን ብቻ ያለውን ሰው ጠይቅልኝ። እሱ ስንት ቀን እንደቀረው ያውቃል?" ትንፋሽ ለመሰብሰብ አረፍ አለች። "ስድብ እንዳይመስለው፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው። እኔ አሥራ አንድ ቀን ባገኝ አንዱን ልጄን ሹሩባ እሠራበታለሁ። አንዱን በእግሬ ገበያ እወጣበታለሁ። አሥራ አንዱም ሥራ አላቸው።"

ፈረደ ናዳቭን አየ። ናዳቭ መስኮቱን ያያል። ይህን ነገር አለስልሶ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ብዙ ቀን በሐኪም ቤት እንደዚያ አድርጓል። ዛሬ ግን ድፍረቱን አጣ፤ ወይም ሌላ ድፍረት አገኘ። ቃል በቃል ተረጎመው፣ ሹሩባውንም ሳይቀር።

ቀጭኑ ሰውዬ ቀና አለ። ሽበታሟ ሴት መነጽሯን አወለቀች።

"እውነቷን ነው" አለች። "ግን አርባ ሦስት ማመልከቻ አለን፤ ገንዘቡ የሚበቃው ለስድስት ነው። ከአርባ ሦስቱም ኋላ እንደ እሷ ያለ ሰው አለ። ይህንንም ንገራት።"

ነገራት። ሙሉመቤት ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ ለሴትዮዋ ያዘነችላት ትመስላለች። የምርምር ቤቱ ጸሐፊ ፎቶ አነሳች፤ እጅ ተጨባበጡ፤ የሙሉመቤትን እጅ ግን ማንም ለማንሳት አልደፈረም።

ውጭ፣ ጥላ ሥር ቢሻው መኪናውን እስኪያመጣ ሲጠብቁ፣ ሙሉመቤት ድንገት ሳቀች።

"አራትን አርባ የሚሉት ለካ ወደው አይደለም። ለእኔስ አርባ ነው።"

ኦሬል መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷን አዙራ አፏን በእጇ ያዘች።

"ፈረደ" አለች ሙሉመቤት፣ "ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ።"

"እሺ።"

ደብዳቤው በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ናዳቭ አይጦቹ መሐል ቆሞ አነበበው። የሥራው ጠቀሜታ የታመነበት ነው፤ ነገር ግን የተገኘው ውጤት ገና ነው፤ በጀቱም ውስን ነው፤ መልካም ዕድል ይመኛሉ።

"ሌላ የሚጠየቅበት የለም?" አለ ፈረደ።

"የለም። በወሩ መጨረሻ ቤቱን እናስረክባለን።"

አይጦቹን ለሌላ መስጠት አይፈቀድም፤ መገደል አለባቸው። ናዳቭ ሰው ልቅጠርልህ ቢለውም ፈረደ "ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ" ብሎ እምቢ አለ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። መድኃኒቱን ሲወስዱ ከነበሩት ውስጥ አንዳንዶቹ ገና በአራት እግራቸው ሽቦውን ይዘው ይንጠላጠሉ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት የመድኃኒቱ ብልቃጦች ከማቀዝቀዣ ወጥተው ለመወገድ ቢጫ ሳጥን ውስጥ ሲታሸጉ ፈረደ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆመ። ናዳቭ አየው።

"ብሰጥህ እገድላት ይሆናል" አለ። "ለሰው ስንት እንደሚሰጥ እኔም አላውቅም።"

"አልጠየቅሁህም።"

"አውቃለሁ።"

ቤት ሲገባ ሙሉመቤት "መለሱ?" አለችው። "ገና ናቸው" አላት። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ መልሶ ሊውጠው ፈለገ፤ አልሆነለትም። በማግሥቱ የምትንከባከባት ሴት ስትመጣ እንደ ወትሮው ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። የሚሄድበት ስላልነበረው የረሆቮት ባቡር ጣቢያ ገብቶ ተቀመጠ። ሰው ወደ ቴል አቪቭ ይጎርፋል፤ ወታደሮች እየሮጡ ይሳፈራሉ፤ እሱ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ከሥራ እንደተመለሰ ሰው ሆኖ ቤቱ ይገባል። እንዲህ አራት ቀን ዋለ። ምን ብሎ እንደሚጀምርላት አላወቀም።

በአምስተኛው ቀን ናዳቭ ደወለለት፤ ያለበትን ሲሰማ ጣቢያው ድረስ መጣ።

"እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

"ባቡር አያለሁ።"

ናዳቭ አጠገቡ ተቀመጠ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ እንደሰጡት፣ በመከር ደግሞ አዲስ የመንግሥት ውድድር እንደሚወጣ ነገረው። በግምገማው ቀን የተነሳውን የሙሉመቤትን ፎቶ ከማመልከቻው ጋር ሊያያይዘው ይፈልጋል።

"ያለ እሷ ፈቃድ ግን አልነካውም" ብሎ አንድ ቅጽ ሰጠው። "እምቢ ብትልም ቤሰደር፣ ችግር የለም። ማንም አይቀየምም።"

ፈረደ ቅጹን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወደ ቤት ሄደ። መንገዱን ሙሉ እምቢ ብላለች ልበለው እያለ ነበር። ፎቶውን ያውቀዋል፤ አንገቷ ወደ ቀኝ ዘምሟል፤ እጆቿ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጭኗ ላይ ተቀምጠዋል። የማያውቁ ሰዎች እንደዚያ ሆና እንዲያዩአት አልፈለገም።

ሙሉመቤት መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ኦሬል ማንኪያ ይዛ እርጎ ታጎርሳታለች። ፈረደ ቦርሳውን ሳያወርድ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ሙሉ፣ ደብዳቤው ከመጣ ሳምንት ሆኖታል። አልሰጧቸውም። የምርምር ቤቱም ተዘግቷል። ደብቄሽ ነው።"

ኦሬል ማንኪያውን አስቀመጠች። "ዳይ፣ አባ!" ብላ፣ በቃ ለማለት፣ በዕብራይስጥ ጀመረች፤ እናቷ ግን በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

"ቦርሳህ ቀሎህ ነበር" አለች ሙሉመቤት። ድምጿ በጣም ስለደከመ ፈረደ ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት። "የምሳ ዕቃህን ሳትይዝ አራት ቀን ወጣህ።"

የሚጮህበት ሰው ቢኖር ይሻለው ነበር። ቅጹን አውጥቶ ስለ ፎቶው ነገራት፤ መድኃኒቱ ለእሷ እንደማይደርስም በዚያው አፉ፣ አንዳች ሳያስቀር ነገራት። ከዚያ ኦሬል ቅጹን ተቀብላ ዕብራይስጡን ታነብ ጀመር፤ እሱ በአማርኛ ያስረዳል። ከቅጹ ግርጌ ምልክት የሚደረግባቸው ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሉ።

"ፎቶው ለዚህ ማመልከቻ ብቻ" አለ ፈረደ። "ወይም ጥናቱ እስኪያልቅ። ወይም ያለ ጊዜ ገደብ።"

"ያለ ጊዜ ገደብ ምንድን ነው?"

"እኛ ከሌለንም በኋላ ማለት ነው።"

"እኛ አትበል።"

"አንቺ ከሌለሽም በኋላ።"

ሙሉመቤት ወደ መስኮቱ አየች። ጎዳናው ላይ ልጆች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ይጯጯሃሉ። ፈረደ ብዕሩን ይዞ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ እጁን አሳርፏል፤ በልቡም ይህንኑ በይ፣ ይህንኑ በይ ይላል።

"ማን ያየዋል?" አለች።

"ገንዘብ የሚሰጡት። ሌላ ጊዜም ሌሎች ገንዘብ የሚሰጡ።"

"የመጨረሻውን።"

"ሙሉ፣ ቸኩለሽ እንዳይሆን። ነገ ብናደርገው—"

"የመጨረሻውን አልኩህ።"

ኦሬል የእናቷን አንገት ቀና አድርጋ ደገፈችላት፣ ወረቀቱ እንዲታያት። ፈረደ ብዕሩን ከመጀመሪያው ሳጥን አነሳ፤ ሁለተኛውን አለፈ፤ ሦስተኛው ላይ ምልክቱን አደረገ። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ሚስቱ እንድታየው ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ሠራበት።